ንግግር የልጁ ሐቅ ነው እንጂ ዕዳው አይደለም

 

ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ስንት ቃል እንደተናገራችሁ እስቲ አስቡ። እናታችሁን ሰላም ብላችኋል፣ ሻይ ጠይቃችኋል፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብላችኋል፣ ለጓደኛችሁ በስልክ ድምፅ ልካችኋል። ለአንዱም ቃል አልተጨነቃችሁም፤ ሁሉም ከአፋችሁ በራሱ ወጣ።

አሁን ደግሞ አራት ዓመት የሞላውን አንድ ልጅ አስቡ። ውሃ ጠምቶታል። የሚያውቀው መንገድ ማልቀስ ብቻ ነው። እናቱ ዳቦ ትሰጠዋለች፣ ይወረውረዋል። ታቅፈዋለች፣ ይገፈትራታል። ጎረቤት ያየውና «ምን ዓይነት ባለጌ ልጅ ነው!» ይላል። ልጁ ግን ባለጌ አይደለም። ውሃ ጠምቶታል።

ይህ ልጅ ኦቲዝም ሊኖርበት ይችላል፤ ዳውን ሲንድረም ሊኖርበት ይችላል፤ ወይም የአእምሮ እድገቱ ከእኩዮቹ የዘገየ ሊሆን ይችላል። በየሰፈራችን አለ፣ በየዘመዶቻችን ቤት አለ። የዛሬው ጥያቄያችን ስለ እሱ ነው። ይህን ልጅ ንግግር ስናስተምረው በእርግጥ ምን እያደረግን ነው? እኛን እንዲመስልልን እየጠየቅነው ነው ወይስ ሐቁን እየሰጠነው? ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ ልጁ ነገ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ይወስናል።

በየቤቱ ሁለት መልሶች ይሰማሉ።

የመጀመሪያው «ተዉት፣ አላህ እንዲህ ፈጥሮታል፣ ሰብር ነው» የሚለው ነው። ልጁ በጓዳ ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ አይታይም። «አይገባውም» ስለሚባል የሚያናግረው የለም። የሚያናግረው ስለሌለ ደግሞ የሚማረው ቃል የለም። አንዳንዴም «ጂን ነክቶት ነው» ተብሎ ይደመደማል። ቁርኣን ቀርቶ ዱዓ ማድረግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዱዓ ከሐኪምም ከማስተማርም አያግድም። ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስረው እንዳዘዙት ሁላችንም እናውቃለን። ሰብር ማለት ሰበቡን እያደረሱ መታገሥ ነው። ሰበቡን ሳያደርሱ ልጁን መተው ግን ሰብር ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ በተቃራኒ ነው፤ «መናገር አለበት፣ ካልተናገረ አይሰጠውም» ይላል። አባት ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ይይዝና «ውሃ በል! በል እንጂ!» ይላል። ልጁ ያለቅሳል። «አውቆ ነው፣ እልኸኛ ስለሆነ ነው» ይባላል። ይህ አባት ልጁን ስለሚጠላ አይደለም እንዲህ የሚያደርገው፤ ስለሚወደውና ስለሚፈራለት ነው። ነገር ግን ሳያውቀው የልጁን ንግግር ዕዳ አድርጎታል። መጀመሪያ ቃሉን ክፈል፣ ከዚያ ውሃህን ትወስዳለህ እያለው ነው።

ሁለቱ መልሶች የተራራቁ ቢመስሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። በሁለቱም ቤት ልጁን የሚሰማው ሰው የለም።

በአማርኛችን ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን። ሙሳም (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ ጌታቸውን የለመኑት የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ነበር። ቋጠሮ ፈትታችሁ ካወቃችሁ አንድ ነገር ታውቃላችሁ፤ በጉልበት ሲጎትቱት ይጠብቃል። የሚፈታው ቀስ ብሎ፣ ጫፉን ፈልጎ፣ በትዕግሥት ሲነካ ነው።

ሙሳ (ዐ.ሰ) ለምን እንደጠየቁም ልብ በሉ። የፈለጉት አንደበተ ርቱዕ ተብለው መደነቅ አልነበረም፤ ንግግራቸውን ሰዎች እንዲረዱላቸው ነው። በዚያው ዱዓቸው ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆናቸው ለመኑ፤ ልመናቸውም ተሰጣቸው። ለመናገር እርዳታ መጠየቅ ነቢይን አላሳነሰም። በንግግራቸው የተሳለቀባቸው ግን ፊርዐውን ነበር። እንግዲህ በሚንተባተብ ወይም ቃል በማይወጣለት ሰው ስንስቅ የማን ፈለግ እየተከተልን እንደሆነ እናስብ።

ንግግር እንዴት እንደሚጀምር ብናውቅ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። ንግግር ከቃል በፊት ይጀምራል። ሕጻን መጀመሪያ ዓይን ያያል፣ ድምፅ ሲሰማ ይዞራል፣ «ባ ባ፣ ዳ ዳ» ይላል፣ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል። ቃል የሚመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ስለዚህ ልጅ 12 ወር ሞልቶት እንዲህ ያለ ድምፅ ካላሰማ ወይም በጣቱ ካላሳየ፣ 16 ወር ሞልቶት አንድም ቃል ካልተናገረ፣ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አገጣጥሞ ካላለ መታየት አለበት። «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» እያሉ ዓመታት ማሳለፍ ልጁን ይጎዳዋል። መጀመሪያ የሚመረመረውም ጆሮው ነው። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ለምሳሌ በጆሮ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ መስማት መቸገር የተለመደ ነው። ያልሰማውን ቃል እንዴት ይናገረው? ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ከሚናገሩት ይልቅ የሚረዱት ይበልጣል። እነሱ በተቀመጡበት ስለ እነሱ የምናወራው ሁሉ ሊገባቸው ይችላል።

ማስተማሩስ እንዴት ነው? ከአነስ (ረ.ዐ) የተላለፈልን አንድ ታሪክ አለ። አቡ ዑመይር የሚባል ትንሽ ወንድም ነበራቸው፤ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍም ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ሕጻኑን በስሙ ጠርተው ወፊቱ ምን እንደሆነች ይጠይቁት ነበር። ኢብኑል ቃስ የተባሉ የሻፊዒይ ሊቅ ከዚህች አጭር ሐዲስ 60 ያህል ቁምነገሮችን አውጥተው ኪታብ ጽፈዋል። እኛ ለዛሬ አራቱን ብቻ እንይ፤ ልጁን በስሙ መጥራት፣ ልብ ስለሚሰጠው ነገር ማውራት፣ አጭርና ለጆሮ የሚጥም ቃል መጠቀም፣ ጠይቆ ለመልሱ ቦታ መስጠት።

ዛሬ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ወላጆችን የሚያስተምሩት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ወደ ልጁ ቁመት ዝቅ በሉ። እሱ የሚያየውን እዩ። መኪና እየገፋ ከሆነ ከእጁ ነጥቃችሁ «ይህ ምን ቀለም ነው?» አትበሉት፤ አብራችሁት ግፉና «መኪና! መኪና ሄደ!» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። ድምፅም ቢያወጣ፣ ዓይኑንም ቢያነሳ፣ እጁንም ቢዘረጋ መልስ ነውና መልሱለት። «ውሃ» ካለ «ውሃ ስጪኝ! እሺ፣ እንካ ውሃ» በሉትና አንድ ቃል ጨምሩለት፤ ውሃውን ግን ወዲያው ስጡት። ቃልን እንዲወደው የሚያደርገው ቃል ሲናገር የሆነ ነገር እንደሚከተል ማየቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ በእኛም አገር ተሞክሯል። መነሻው የተወሳሰበ መሣሪያ አይደለም። ልብስ ማልበስ፣ ምግብ ማብላትና ጨዋታ ናቸው መማሪያዎቹ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። «በግድ ማስተማሩ ውጤት ካመጣስ? ዛሬ ቢያለቅስ ነገ መናገሩ አይበልጥም?» የሚል ወላጅ አለ። ይህ ጥያቄ በታሪክ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ኢቫር ሎቫስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ኦቲዝም ያለባቸውን ሕጻናት ንግግር ያስተምር ነበር። ቃል ሲደግሙ በማንኪያ ምግብ ይሰጣቸዋል፤ ሲያስቸግሩ ይጮኽባቸዋል፣ በጥፊ ይመታቸዋል፤ በኤሌክትሪክ ንዝረትም ተጠቅሟል። ላይፍ የተባለው መጽሔት በ1965 ይህን ከነፎቶው አወጣው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ቃላት መናገር ጀምረዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ልጁ ቃሉን ሲናገር ምን እያለ ነበር? «አትምታኝ» እያለ ነው። አፉ «ዳቦ» ይላል፤ ትርጉሙ ግን ፍርሃት ነው። የንግግር ዓላማ የውስጥን ማውጣት ከሆነ የተፈራ ልጅ የሚደግመው ድምፅ የእሱን ውስጥ አያወጣም፤ የእኛን ፍላጎት መልሶ ያሰማናል እንጂ።

ሐቅና ዕዳ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ዕዳ ቢሆን ባለ ዕዳው ተጨንቆም ቢሆን ይከፍላል። ሐቅ ከሆነ ግን የሚጨነቀው ሰጪው ነው። ቀኑን ሙሉ ቃል እየደገመች የምትጠብቅ እናት፣ ካርድ የሚሠራ ወንድም፣ የሚያስተምር ኡስታዝ፣ ባለሙያ የሚመድብ መንግሥት፤ ባለ ዕዳዎቹ እነዚህ ናቸው። ልጁ ባለ ሐቅ ነው።

ንግግር ሐቅ ከሆነ ደግሞ ሐቁ በአፍ ብቻ አይመጣም። አንዳንድ ልጅ በስዕል ካርድ ቶሎ ይማራል፤ የብርጭቆ ስዕል አንስቶ ይሰጣችኋል፣ ውሃ ፈልጓል ማለት ነው። አንዳንዱ በእጅ ምልክት፣ አንዳንዱ ስልክ ላይ ምስል በመንካት ይማራል። ብዙ ወላጆች «ይህን ከለመደ አፉን አይፈታም» ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ይገባል፤ ግን ማስረጃው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የጥናቶች ማጠቃለያ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘባቸውን 27 ሰዎች ለይቶ ሲያይ በምልክትና በስዕል መጠቀም ከጀመረ በኋላ ንግግሩ የቀነሰ አንድም ሰው አላገኘም። 89 በመቶዎቹ ጭማሪ አሳይተዋል፤ መጠነኛ ጭማሪ ቢሆንም። የመግባባት መንገድ ያገኘ ልጅ ጭንቀቱ ይቀንሳል፤ ጭንቀቱ ሲቀንስ ደግሞ ለቃል ቦታ ይገኛል።

ለእኛ ይህ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ለሦስት ቀናት በምልክት ብቻ ሰውን አናግረዋል። መርየም (ዐ.ሰ) ሕዝቦቿ ሲወቅሷት ዝም ብላ ወደ ሕጻኑ ጠቁማለች። በመዲና አንዲት ልጅ ጭንቅላቷ በድንጋይ ተመትቶ መናገር ባቃታት ጊዜ የተጠርጣሪ ስም እየተጠራላት በራሷ ምልክት እየሰጠች መልሳለች፤ ምልክቷ ተሰማ፣ የጠቆመችው ሰው ተይዞ ሲጠየቅም አመነ። ፉቀሃዎችም መናገር የማይችል ሰው በሚታወቅ ምልክቱ ሲገልጽ እንደተናገረ እንደሚቆጠር ደንግገዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኦቶማን መንግሥት የተዘጋጀው «መጀለህ» የተባለው የሕግ መድበል ይህን 70ኛው አንቀጽ አድርጎ አስፍሮታል። ሸሪዓችን የእጅን ምልክት ንግግር ብሎ ከተቀበለ እኛ የአንድን ሕጻን የስዕል ካርድ ለመቀበል ለምን እናፍራለን?

አሁን ከሁሉም ይበልጥ ወደሚያስጨንቀው ነገር እንምጣ። ልጆቹን ምን ቃል ነው የምናስተምራቸው? ብዙ ጊዜ «ስጠኝ»፣ «እሺ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ሰላም በል» እናስተምራለን። «አልፈልግም» እና «አመመኝ» ግን እንረሳለን። እንዲያውም ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ ወይም እጁን ሲያነሳ «አትመልስ!» ብለን እንቆጣለን።

እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ተሠርቶ የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ ለጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው 3.7 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ግልጽ ነው። አጥቂ የማይናገር ልጅን ይመርጣል፤ ነገ ለእናቱ አይነግርብኝም ብሎ። «እሺ» ማለትን ብቻ ያስተማርነው ልጅ ለማንም እሺ ይላል። ስለዚህ «አልፈልግም» የሚል ስዕል ያለው ካርድ በኪሱ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ አጥሩ ነው። ይህን ካስተማርነው ደግሞ ማክበር አለብን። ገንፎውን «አልፈልግም» ሲል፣ እንግዳ እንዲስመው «አልፈልግም» ሲል ቃሉ ይሠራ። የማይሠራ ቃል ያስተማረ ሰው ዝምታን እያስተማረ ነው።

«ይህን ሁሉ አድርገን ባይናገርስ?» ትሉ ይሆናል። እውነቱን እንነጋገር። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚገመቱት ቢማሩም ጥቂት ቃል ብቻ ይኖራቸዋል ወይም በአፋቸው አይናገሩም። የአንዳንዱ ቤት ዱዓ በምንጠብቀው መልክ መልስ አያገኝም። ይህ ግን ድካሙን ከንቱ አያደርገውም። ቁርኣንን እየተንተባተበና እየከበደው ለሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። አላህ የሚመዝነው የምላስን መፍታት ብቻ ሳይሆን ድካሙንም እንደሆነ ከዚህ እንማራለን። ልጁ ደግሞ ቀለም የተነሳለት ሕጻን ነው። እሱ አይጠየቅም፤ ስለ እሱ ግን እኛ እንጠየቃለን።

በአገራችን ይህን አማና የተሸከሙ አሉ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከእኛው ፊደል ተነስተው «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የንግግርና የንባብ ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። ፊደላችን ለዚህ ይመቻል፤ አንዱ ሆሄ አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ልጁ «ማ»ን ሲያይ «ማ» ይላል። እሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የከፈቱት በር ግን ብዙ እናቶችን ከጓዳ አውጥቷል። አንዲት እናት «ለልጄ ቦታ የለም» ሲሏት ለሌሎች ልጆችም ጭምር ቦታ ሠራች።

እናንተ ወጣቶች ማዕከል ክፈቱ አልተባላችሁም። ግን የአክስታችሁ ልጅ አለ። ለዒድ ስትሄዱ እናቱን «እንዴት ነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ለእሱ ሰላምታ ስጡ፤ በስሙ ጥሩት፤ መልሱን ጠብቁ። በስልካችሁ የብርጭቆ፣ የዳቦ፣ የመጸዳጃ፣ የእናቱን ፎቶ አንሱና አሳትማችሁ ስጧቸው፤ ለእናንተ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። መድረሳ የምታስተምሩ ከሆነ «አሊፍ» ማለት ያቃተውን ልጅ ከኋላ አታስቀምጡት፤ ቢያሳይ በቂ ነው፣ በጣቱ ይጠቁም።

ዛሬም መስጂድ ትሄዳላችሁ። ምናልባት ከሶፉ ኋላ አንድ ልጅ ይጮኽ ይሆናል፣ እጁን ያርገበግብ ይሆናል። ሰው ዞሮ አባቱን ይገላምጠዋል፤ አባቱም በሚቀጥለው ጁሙዓ ልጁን ቤት ይተወዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊያስረዝሙት አስበው የጀመሩትን ሶላት የሕጻን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ያሳጥሩት ነበር። የለቅሶውን ድምፅ እንደ ረብሻ አልቆጠሩትም፤ መልእክቱን ሰሙ፣ ሶላታቸውንም በዚያ አስተካከሉ። እናንተም ከሶላት በኋላ ወደዚያ አባት ሂዱና «ማሻአላህ፣ ልጅህን ስላመጣኸው ደስ ብሎናል፤ ስሙ ማን ነው?» በሉት። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ልጁን በስሙ ጥሩት።

አላህ ሆይ! መናገር ያቃታቸውን ልጆቻችንን አንደበት ፍታላቸው። ላልተፈታላቸው የሚረዳቸው ጆሮ ስጣቸው። ለእናቶቻቸውና ለአባቶቻቸው ጉልበትና ሰብር ስጥ። እኛንም ሐቃቸውን የምንጠብቅ አድርገን። አሚን!

መልካም ጁሙዓ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።